ኮምፒውተሩ አያዳላም ለተባለው
"የኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ስለሆነ አድልዎ የለም" የሚለው ምንም አልተዋጠልኝም፣ ኮምፒውተሩ እኮ የሚያየው የሰጡትን ቁጥር ነው። እዚህ አሜሪካ የኩላሊት አቅም የሚለካበት ቀመር ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከ16 እስከ 21 በመቶ ከፍ ያደርገው ነበር፣ የደም ምርመራው ከነጩ ጋር አንድ ሆኖ የጥቁሩ ኩላሊት ወረቀት ላይ ይሻላል ማለት ነው፣ ወረፋ መቆጠር የሚጀምረው ደሞ በቀመሩ የሚወጣው ቁጥር 20 ወይ ከዛ በታች ሲወርድ አለዚያ ዲያሊስስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ሲጀመር ስለሆነ ስንቱ ዘግይቶ ገባ። ለወረፋው በዘር ከፍ ማድረጉ በ2022 ታገደ፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሆስፒታሎች የተበላውን ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። ከላይ "ተስተካክሏል እኮ" ያልከው ወንድሜ፣ የተስተካከለው የድሮ የምርመራ ውጤት ለተገኘለት ሰው ነው። አጎቴ በሳምንት ሶስቴ አራት አራት ሰአት ማሽን ላይ ነው፣ ጊዜው ሊመለስለት እንደሚችል የሚገልጸው የሆስፒታሉ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጥቶ ሳይከፈት ቁም ሳጥን ላይ አገኘሁት፣ ከዛ የድሮ ሐኪሙ ጋ ተመላልሰን ውጤቱን ለቃቅመን ነው የተመለሰለት። ያለ ኢንሹራንስ ታክሲ ሲነዳ የኖረና ሐኪም ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰውስ ከየት ያመጣል? ወረፋ ላይ ዘመድ ያላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁላቸው።