አክስቴ በሁለት ፋይል

ከዘመድ መካከል ኮምፒውተር ከፍቶ መዝጋት የሚችል ሰው ከተገኘ፣ የሰርግ ቪዲዮ ጉዳይ ያለ ምርጫ እሱ ላይ ይወድቃል። በእኛ ቤት ይህ ሹመት የእኔ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ከጥሎሽ እስከ መልስ ተቀርጾ፣ አራት ሰዓት ርዝመትና 14 ጊጋባይት ክብደት ይዞ እጄ ገባ። የአክስቴ ቴሌቪዥን የሚያነበው ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ፋት 32 ደግሞ 4 ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም። ዋሽንግተን ላሉት አጎቴ የሚላከው በቴሌግራም ነው፤ እሱም ካልከፈሉት ከ2 ጊጋባይት በላይ አይሸከምም። መቁረጥ ግድ ሆነ።

መቁረጫው ኤፍኤፍኤምፔግ ይባላል። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ በፈረንጆቹ 2000 የጀመረው፣ ጥቁር መስኮት ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ነው። «በየ1200 ሴኮንዱ ክፈል፤ ምስሉን ሳትነካ እንዳለ ቅዳ» አልኩት። አክስቴ አቦሉን አዳርሰው ሳይጨርሱ 12 ፋይሎች ተደረደሩ። በራሴ ኮራሁ።

ኩራቱ እስከ ማታ ነበር። በአራተኛው ፋይል መጨረሻ ላይ አክስቴ ለእስክስታ ትከሻቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ፋይሉ ያልቃል። ትከሻቸው የሚወርደው አምስተኛው ውስጥ ነው። የሙሽራው እናት ግን ስድስተኛው ላይ ከነእልልታቸው ሙሉ ናቸው።

«የእኔን ብቻ ለይተህ ለምን ቆረጥከው?»

«እትዬ፣ ቪዲዮ ሁሉንም ምስል ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ያኖርና ከዚያ ወዲያ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ሙሉው ቁልፍ ፍሬም ይባላል፤ እንዳለ ሲቀዳ መቁረጥ የሚቻለው እሱ ላይ ብቻ ነው።»

በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ምስል ሊኖር ይችላል፤ በሴኮንድ 25 ምስል ሲታሰብ 10 ሴኮንድ መሆኑ ነው። 10 ሴኮንድ ደግሞ ለእስክስታ ዕድሜ ነው።

«ታዲያ ቁልፉን ለሙሽራው እናት ማን ሰጣቸው?» አሉ አክስቴ።

መልስ አጣሁ። መቁረጫውን ቦታ እኔው ልምረጥ ብዬ ማንም የማይጨፍርበትን ደቂቃ ፈለግሁ። ያገኘሁት እንግዳው ሁሉ ክትፎ ላይ ያቀረቀረበትን ነው፤ እዚያም የአክስቴ ባል ሲጎርሱ ስለሚታዩ እሳቸው አልፈቀዱም። አጎቴማ የከፈቱት ዘጠነኛውን ብቻ ነው፤ ከዋሽንግተን የላኩት ስጦታ ስማቸው ተጠርቶ የሚነገርበትን። ሁለተኛውን፣ እንግዳ ገብቶ የሚቀመጥበትን፣ እስከ ዛሬ የከፈተው የለም።

አሁን ቪዲዮው እንደገና እየታመቀ ነው፤ አክስቴ ጭፈራውን በጀመሩበት ቅጽበት ላይ ቁልፍ ፍሬም በግድ እንዲተከል አዝዣለሁ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲጮህ አደረ። ጠዋት ስልኬ ጠራ፤ የሙሽራው እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ለእሳቸው አዲስ ቁልፍ እየተሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ። የእኔስ?»