ኪሳቸው ውስጥ የገባው እጅ

የድሬዳዋ ሰዎች ሆይ፣ ተግሳጼ ለእናንተ ነው፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበርና በትሩ አስቀድሞ በራሴ ጀርባ ላይ ይረፍ።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዚራ ከሚገኙት ፈጢራ ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ ሳለን አንድ ሽማግሌ እግራቸውን እየጎተቱ መጡና እኔ ካለሁበት ጠረጴዛ ጫፍ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉት አውራ ጣታቸውና ጠቋሚ ጣታቸው የማይታይ መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስል ይፋተጉ ጀመር። ሻይ መጣላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ቢይዙትም ከአፋቸው ሳይደርስ ግማሹ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ከጎናችን የነበረ ወጣት «አባባ፣ ገና በጠዋቱ ቀምሰዋል እንዴ?» አለ፤ በረንዳው በሙሉ ሳቀ፤ አንዱም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻቸው ጀመር። እርሳቸው አንዲት ቃል አልመለሱም። ሊከፍሉ ሲነሡ ግን ጣቶቻቸው ብሩን ከኪስ ማውጣት አቃታቸው፤ አስተናጋጁም መታገሥ ተስኖት፣ ይቅርታ እንኳ ሳይጠይቅ፣ እጁን ኪሳቸው ውስጥ ከቶ ብሩን መዘዘ፤ መልሱንም የደረት ኪሳቸው ውስጥ ወሸቀው። ሳቁስ ያልፋል፤ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህን ነው። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? የፈሰሰው ሻይ ሱሪዬን እንዳይነካብኝ ወንበሬን ፈቀቅ አደረግሁ።

ዘግይቼ፣ ኀፍረት ገፍቶኝ ተከተልኋቸው። ድምፃቸው የሰለለ ስለነበር ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋቸው። የቀድሞው ሠራዊት የታንክ መካኒክ ነበሩ። በነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ እዚሁ ነበሩ፤ በየካቲት 1970 ካራማራ ላይ ድል ሲደረግም ከኋላ ሆነው የተመታ ታንክ ሞተር ይፈቱ ነበር። የፈቱትን ዕቃ ቅባቱ እስኪለቅ የሚያጥቡት በቤንዚንና ስሙን በማያውቁት፣ ሽታው ጣፈጥ በሚል ፈሳሽ ነው፤ ያውም በባዶ እጃቸው። «ጓንት ቢገኝ ለቁስለኛ ሐኪም ነበር የሚሰጠው» አሉኝ። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን እንዲሁ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ገቡ። ሽታ ከራቃቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ወጥ ማረሩን የሚነግሯቸው ባለቤታቸው ናቸው።

ሕመማቸው ፓርኪንሰን ይባላል። ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፊትም ይደርቃል። መጠጥም ምርቃናም አይደለም። መንሥኤው ያ ፈሳሽ ነው ብዬ አልምልም፤ ስለ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ የሚምል ሐኪምም የለም። ይሁንና በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይናው ካምፕ ሌዡን የጦር ሰፈር፣ ትራይክሎሮኢትሊን የተባለ የብረት ቅባት ማስለቀቂያ ከ1953 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት የመጠጥ ውኃውን በክሎት ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም እዚያ ያገለገሉት በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ውኃው ባልተበከለበት ካምፕ ፔንድልተን ካገለገሉት በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። መንግሥታቸው ዛሬ ይህን ሕመም የአገልግሎት ጉዳት ብሎ ይክሳል፤ እርሱም ቢሆን የተገኘው ከረጅም ሙግት በኋላ ነው።

እኛ ግን በ1928 የጣሊያን አውሮፕላን ያዘነበውን የመርዝ ጋዝ ለልጅ ልጅ እየተረክን፣ የገዛ ወታደራችን እጁን ምን ውስጥ ሲነክር እንደኖረ አልጠየቅንም። የካቲት 26 በደረሰ ቁጥር በካራማራ የምንኮራ ሰዎች፣ ካራማራ የዘመተ ታንክ የጠገነውን እጅ ሰካራም አልነው። (ልጆቻችን ዛሬም በየጋራዡ ሞተር በቤንዚን የሚያጥቡት በባዶ እጃቸው መሆኑንስ አይተን እናውቃለን?)

እባካችሁ፣ ሳቢያንም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ አባት በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ሥራው ምን እንደነበረና ምን ምን ይነካ እንደነበር ጠይቁት፤ መልሱንም ጽፋችሁ ለሐኪሙ አድርሱ። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በሽታውን አይነቅለውም፤ ብዙዎችን ግን ከገዛ ኪሳቸው ብር ለማውጣት ያህል ያላላቸዋል።

ሽማግሌውን ተመልሰው እንዲመጡ ለምኛቸው «ሻይማ ቤቴም አለ ልጄ» ብለውኛል። አስተናጋጁን፣ ምናልባት ከመጡ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ እንዲቀዳላቸው ነግሬው፣ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ወንበር ይዤላቸው እቀመጣለሁ። እስካሁን አልመጡም።