የክርስትና እናቷ ትጠራ

«ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?» ሲሏት፣ ከደምቢያ ወይም ከበለሳ ጎንደር ፍርድ ቤት የመጣች እናት ቁጥር አትጠራም። «የጥምቀት ማግስት ወለድኋት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አነሣኋት» ትላለች። ወሩን አትስትም። የሚጠፋው ዓመቱ ነው።

ሕጉ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በልጆች ላይ የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ በደል በዕድሜ ይከፍለዋል። ልጅቷ 13 ዓመት ካልሞላት ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። 13 ከሞላት ከ3 እስከ 15 ዓመት ይሆናል። አስገድዶ ከሆነ ከ5 እስከ 20።

እንግዲህ አስቡት። ጥቂት ወር ወዲህ ወይም ወዲያ ሲባል የቅጣቱ መነሻ በ10 ዓመት ይወርዳል። ሐኪም በጥርስና በአጥንት ራጅ ዕድሜ ይገምታል። ግምቱ «ከ12 እስከ 14» ቢሆንስ? ጥርጣሬ የሚተረጎመው ለተከሳሽ ነው፤ ልጅቷ 13 እንደሞላት ይቆጠራል። በመርሁ አልጣላም፤ ነገ ለእኔም ለእናንተም የሚያስፈልገን ነው። ግን ልጅቷ ወረቀት ከየት ታምጣ? የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዛሬ 13 ዓመት አካባቢ ያሉት ልጆች ከዚያ በፊት ነው የተወለዱት።

ብዙ ሰው «ክልሉ ጠንካራ ሕግ ያውጣ» ይላል። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ ክልል የወንጀል ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ባልሸፈነው ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ተሸፍኗል። ቁልፉ ያለው ዳኞች የቅጣቱን ልክ የሚመርጡበት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ላይ ነው። ይህን መመሪያ እንዲያወጣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 88 ሥልጣን የተሰጠው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

መመሪያው አንድ ነገር በግልጽ ይበል። ዕድሜዋ በጥርጣሬ 13 ተብሎ የተያዘላት ልጅ፣ ከ13 እስከ 18 ካሉት ሁሉ ትንሿ ናት። ስለዚህ የአጥፊው ቅጣት ከ3 ዓመት አይነሣ፤ ወደ 15ቱ ይጠጋ። ጥፋቱ እኮ ተረጋግጧል። ያልተረጋገጠው የልደት ቀኗ ነው። «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ» የሚለው ማቅለያም እዚህ ቦታ አይሥራ። ከመናኸሪያ በደላላ ተቀብሎ ለቤት ሥራ የወሰዳት ሰው ከሆነማ፣ እሷንም ሊያስተዳድር ነበር የወሰዳት።

ዳኞቻችንም ራጁን ብቻ አይዩ። የክርስትና እናቷን ያስጠሩ። ሕፃኗን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን የገባችበትን ዓመት፣ የራሷ ልጅ ያኔ ስንተኛ ክፍል እንደነበረ እያሰበች ልትነግራቸው ትችላለች።