እሷን ጠይቋት!

እህቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ባንክ ስንገባ ሠራተኛዋ እኔን እያየች «ምን ፈልጋ ነው?» ትለኛለች። ሒሳቡ የእህቴ፣ ብሩ የእህቴ፣ አንደበትም አላት! መንገድ ላይ ደግሞ የማናውቀው ሰው ጭኗ ላይ አሥር ብር ጣል አድርጎ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ያልፋል። እሷ እኮ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከሥራ እየወጣች ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ግን ሳይጠይቁ ማዘን ምን ዓይነት ደግነት ነው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደረጃው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር የሚያስገባ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ታዲያ በቅርቡ የተመረቀ ሕንፃ በር ላይ ያ ሁሉ ደረጃ ምን ይሠራል? ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ካለም ወይ ቁልቁለቱ ያስፈራል፣ ወይ መኪና ቆሞበታል። ጥበቃው «ተሸክመን እናስገባታለን» ይላል፤ ከልቡ ነው። አትሸከሟት! ትልቅ ሴት ናት፤ የማታውቀው ወንድ እንዲያቅፋት አትፈልግም።

«ችግሩ እግሯ ነው» አትበሉኝ። ደረጃውን መሐንዲስ ነው የነደፈው፣ ቢሮ ነው ያጸደቀው። ለምን እንደፈቀዱት እነሱ ይመልሱልኝ።