እርማት፦ ማርቪን ጌይ «ግሬፕቫይን»ን የቀዳው ከግላዲስ ናይት በፊት ነው

«አይ ኸርድ ኢት ስሩ ዘ ግሬፕቫይን የተሰኘው ዘፈን የድምፃዊቷ ግላዲስ ናይት ነበር፤ ማርቪን ጌይ ከዓመት በኋላ ቀስ አድርጎ ደገመው» የሚለው አባባል በብዙ ሰው እየተደጋገመ ስለሆነ ከአክብሮት ጋር ላርመው። የግላዲስ ሸክላ ቀድሞ ገበያ መውጣቱ እውነት ነው። ስህተቱ የወጣበትን ጊዜ የተቀዳበት ጊዜ አድርጎ መውሰዱ ላይ ነው።

ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። መጀመሪያ ስሞኪ ሮቢንሰንና ቡድኑ ሚራክልስ በ1966 ቀዱት። ማርቪን በ1967 መጀመሪያ ወራት ዘፈነው፤ ግላዲስና ቡድኗ ፒፕስ የቀዱት በዚያው ዓመት ጁን ላይ ነው። የሸክላ አሳታሚው ኩባንያ የሞታውን ባለቤት ቤሪ ጎርዲ የማርቪን ቅጂ በነጠላ ሸክላ እንዲወጣ ስላልፈቀደ፣ ፕሮዲውሰሩ ኖርማን ዊትፊልድ ለግላዲስ ፈጠን ያለ ቅንብር ሠራላት። ያ በሴፕቴምበር 1967 ወጥቶ በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ በቢልቦርድ ሆት 100 እስከ 2ኛ ደረሰ። የማርቪን በ1968 «ኢን ዘ ግሩቭ» አልበም ውስጥ ገባ። የሬዲዮ አቅራቢዎች እየደጋገሙ ስላጫወቱት ኦክቶበር ላይ ለብቻው ታተመ፤ ከዲሴምበር 14 ጀምሮም 7 ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ።

ስህተቱ አሰማማችንንም ያዛባል። በማርቪን ቅጂ መግቢያ ላይ ያለው ጨለም ያለ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ዊትፊልድ ማርቪንን ከለመደው ከፍ ባለ የዜማ ከፍታ (ቁልፍ) አዘፍኖት የተወጠረው ድምፅ፣ ከግላዲስ ቅጂ ለመለየት ተብለው የመጡ አይደሉም። በኋላ የመጣው ፈጣኑ ነው።

ለማጣራት የሸክላው ቁጥር አይበቃም፤ የማርቪን ታምላ 54176 (ታምላ የሞታውን የሸክላ መለያ ስም ነው) የሚናገረው የኅትመቱን ተራ ብቻ ነው። በድጋሚ ኅትመቶች ቡክሌት ላይ የቀረጻውን ቀን ከወጣበት ቀን ለይታችሁ ተመልከቱ።