ማስተካከያ፦ የቀላ የአሳማ ቆዳ ሁሉ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት አይደለም
ባለፈው ጽሑፌ የአሳማ ቆዳ ከቀላ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ነው፣ መድኃኒት የለውም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ሊድን የሚችል እንስሳ በኔ ቃል እንዳይታረድ ነው ዛሬ የምጽፈው። እጃችሁን ጀርባው ላይ ስታሳልፉ ከፍ ከፍ ብሎ የሚዳሰስ፣ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ኤሪሲፔላስ የሚባል የአሳማ በሽታ ነው፤ መንስኤው ባክቴሪያ ስለሆነ ሐኪም ቶሎ ፔኒሲሊን ከጀመረለት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን መሻል ይጀምራል። ጓንት አድርጉ፣ በቁስል በኩል ወደ ሰው ይገባል። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ግን ቫይረስ ነው። ጆሮና ሆድ ወደ ሐምራዊ ይጠቁራል፣ እሱ እውነትም መድኃኒት የለውም። በዓይን ብቻ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ከበረቱ አንድም አሳማ አይውጣ፣ አይግባ።