ማስተካከያ፦ አንቲ-ግሌር ስክሪን ነጸብራቅን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም

በእጅ ተይዞ ጌም ስለሚጫወቱበት ኮምፒውተር፣ ስለ ስቲም ዴክ፣ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ የምትጫወቱ ኦሌዱን ግዙ፤ ሁሉም አንቲ-ግሌር ስለሆነ ነጸብራቁን ጨርሶ ያጠፋዋል» ተብሎ ነበር። ሁለቱም ነጥቦች መታረም አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጡት ኦሌዶች (ኦሌድ የተባለው የስክሪን ዓይነት ካላቸው ስቲም ዴኮች) አንቲ-ግሌር መስታወት ያለው ባለ 1 ቴራባይት ማከማቻው ነው። ባለ 512 ጊጋባይቱ አንጸባራቂ ነው። ኤልሲዲ የተባለው ስክሪን ባለው በቀድሞው ስቲም ዴክ ግን አንቲ-ግሌሩ የተገጠመው ባለ 512ቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች፣ «512 ነው» መባሉ ብቻ አይበቃችሁም። ኦሌድ ይሁን ኤልሲዲ ጠይቁ፤ ከተቻለ ደጅ አውጥታችሁ እዩት።

ዋናው ነገር ግን ብርሃኑ ነው። የአንቲ-ግሌሩ መስታወት ገጹ በኬሚካል በጥቂቱ ስለሚሻክር ብርሃንን ይበትናል እንጂ አይውጥም። ሐይቁ ከኋላችሁ ሲያብለጨልጭ አንጸባራቂው ላይ የራሳችሁ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንቲ-ግሌሩ ላይ ያው ብርሃን ነጣ ያለ ጭጋግ ይመስላል። ዓይን አይረብሽም፤ ጥቁሩን ቀለም ግን ወደ ግራጫ ይወስደዋል። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ሁለቱም አያዋጡም፤ ጥላ ፈልጉ። ማታ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው አንጸባራቂው ይሻላል ባይ ነኝ።

ደግሞ እባካችሁ፣ አንቲ-ግሌሩ ላይ ተራ የመስታወት ፕሮቴክተር አታስለጥፉ። ሞባይል ቤት «ልለጥፍልህ?» ሲሏችሁ እሺ ካላችሁ፣ የሚያንጸባርቅ መስታወት ከላይ ስለደረባችሁበት የከፈላችሁበት ጥቅም ይቀራል።